ሴሎች የሚቆሙበት መሬት፦ ሴረሙ ሲወጣ ማን ይይዛቸዋል?

የእንስሳ ሴሎችን ምግባቸው በሆነው ሮዝ ፈሳሽ ውስጥ በትኖ ፕላስቲክ ሳህን ላይ ማፍሰስ የደቂቃ ሥራ ነው። ሴሎቹ መጀመሪያ እንደ ጥቃቅን ኳስ ክብ ሆነው ይንሳፈፋሉ። ቀስ እያሉ ወደ ታች ይወርዳሉ። ግማሽ ሰዓት ቆይቶ በማይክሮስኮፕ ያያቸው ሰው የአንዳንዶቹ ጠርዝ መለጠጥ ሲጀምር ያገኘዋል። በማግስቱ ጠዋት ክብ ሆኖ የቀረው ሴል በጣት የሚቆጠር ነው። ሌሎቹ ተዘርግተው፣ ጠፍጣፋ ሆነው፣ ሳህኑን ቆንጥጠው ይዘዋል። መያዝ ያቃታቸው ሞተዋል፤ ወይም ሊሞቱ ነው።

ያንኑ ሴል በሌላ ሳህን እንሞክረው። ይሄኛው ባክቴሪያ የሚያበቅሉበት ተራ የፔትሪ ሳህን ነው። የተሠራው ከዚያው ከፖሊስታይሪን ፕላስቲክ ነው። በዓይን ሲታይ ልዩነት የለውም፤ በእጅ ሲነካም እንደዚያው። ሴሎቹ ግን እንደ መጀመሪያው አይይዙትም። አብዛኞቹ እርስ በርሳቸው ተሰባስበው፣ እንደተንሳፈፉ ያድራሉ።

ፕላስቲኩ አንድ ከሆነ ልዩነቱ ከየት መጣ?

ይህ ጥያቄ ለረጅም ጊዜ የጥቂት ባለሙያዎች ጉዳይ ብቻ ነበር። ዛሬ ግን እንደዚያ አይደለም። ክትባት በሴል ላይ ይመረታል። የግንደ ህዋስ ሕክምና በሴል ይሠራል። ከእርባታ ይልቅ ከላብራቶሪ የሚመጣ ሥጋ እንሠራለን የሚሉ ኩባንያዎች በቶን የሚቆጠር ሴል ማሳደግ ይፈልጋሉ። እነዚህ ሁሉ ደግሞ አንድ ነገር ከሥራቸው ለማስወጣት እየሞከሩ ነው፤ ሴረምን። እኔ እንደማየው፣ ሴሎች ምን ላይና እንዴት ይቆማሉ የሚለው ጥያቄ እንደገና የተነሳው በዚሁ ምክንያት ነው። ሴረሙ ለብዙ ዓመታት መልሱን ደብቆልን ነበር።

መጀመሪያ የሚደርሰው ሴሉ አይደለም

ነገሩ እንዲህ ነው። ሴረም ማለት ከረጋ ደም ላይ የሚቀዳው ፈሳሽ ነው። በላብራቶሪ በብዛት የሚሠራበት ከጥጃ ፅንስ ደም የሚወጣው ነው። ውስጡ በጣም ብዙ ዓይነት ፕሮቲን አለ። ይህን የያዘ ፈሳሽ ሳህን ላይ ሲፈስ ፕሮቲኖቹ በሰከንዶች ውስጥ ገጹ ላይ ይለጠፋሉ። ሴሉ ከእነሱ ጋር ሲወዳደር ግዙፍ ነው፤ ወርዶ ታች እስኪደርስ ደቂቃዎች ይፈጅበታል። ስለዚህ ሲደርስ የሚያገኘው ባዶ ፕላስቲክ ሳይሆን በፕሮቲን የተለበሰ ወለል ነው።

መስታወት ላይም፣ ብረት ላይም፣ ጎማ ላይም ያው ነው። «ይህ ሴል ይህን ቁስ ይወዳል» ስንል በአብዛኛው «ይህ ሴል በዚህ ቁስ ላይ የተለጠፈውን ፕሮቲን ይወዳል» ማለታችን ነው። የቁሱ ሚና የትኛው ፕሮቲን እንደሚለጠፍና በምን አቀማመጥ እንደሚለጠፍ መወሰን ነው።

ወደ ሁለቱ ሳህኖች እንመለስ። ያልታከመ ፖሊስታይሪን ውሃን ይገፋል። የውሃ ጠብታ ቢያርፍበት ጉብ ብሎ ይቀመጣል፤ ከገጹ ጋር የሚሠራው ማዕዘን ወደ 90 ዲግሪ ይጠጋል። እንዲህ ያለ ገጽ ፕሮቲንን በደንብ ይይዛል። ችግሩ በብዛት የሚይዘው አልቡሚንን መሆኑ ነው። አልቡሚን በሴረም ውስጥ ከሁሉም የበዛው ፕሮቲን ነው፤ ለሴሎች ግን መያዣ የለውም። ቦታውን ቀድሞ ይዞ ሌሎቹን ያስወጣል። ጠቃሚዎቹ ፕሮቲኖች ቢደርሱ እንኳ ውሃን በሚገፋ ገጽ ላይ ቅርጻቸው ሊዛባ ይችላል። መያዣው ክፍላቸው ወደ ውስጥ ከተደበቀ ሴሉ አያገኘውም።

ለሴል ማሳደጊያ የሚሸጠው ሳህን ግን ፋብሪካ ውስጥ በኤሌክትሪክ ብልጭታ ወይም በፕላዝማ (የደሙ ሳይሆን በኤሌክትሪክ የተሞላ ጋዝ) ይታከማል። ሕክምናው የፕላስቲኩን የላይኛውን ስስ ገጽ ብቻ ይነካል። ኦክሲጅን የያዙ ቡድኖች ይተክልበታል፤ ገጹም ትንሽ ውሃ ወዳድ ይሆናል። ያኔ ጠብታው ይዘረጋል፤ አልቡሚን እንደ ልቡ አይነግሥም። ፋይብሮኔክቲንና ቪትሮኔክቲን የሚባሉት ፕሮቲኖች ቦታ ያገኛሉ። ሴረም ባለበት ሳህን ላይ በተለይ ቪትሮኔክቲን ነው ዋናውን ሥራ የሚሠራው። ብዙ ሰው ፋይብሮኔክቲን ይመስለዋል። በሴረም ውስጥ ግን ፋይብሮኔክቲን ፉክክሩን እምብዛም አያሸንፍም።

ታዲያ ውሃ ወዳድነቱ በጨመረ ቁጥር ይሻላል ማለት ነው? አይደለም። አጋሮዝንና ፖሊኤቲሊን ግላይኮልን የመሳሰሉ ቁሶች ውሃን አጥብቀው ስለሚይዙ ፕሮቲን ጨርሶ አይለጠፍባቸውም። ፕሮቲን ከሌለ ሴልም የለም። ሴሎች ሳህኑን ሳይይዙ በኳስ መልክ እንዲያድጉ የሚፈልጉ ተመራማሪዎች ሳህናቸውን በእነዚህ ይለብጣሉ። ሴል የሚመቸው መሐሉ ነው፤ ውሃን በጣም የማይገፋ፣ በጣምም የማይስብ።

እጁ

ሴሉ ፕሮቲኑን የሚጨብጥበት እጅ ኢንቴግሪን ይባላል። ኢንቴግሪን የሴሉን ሽፋን ሰንጥቆ የሚያልፍ ሞለኪውል ነው። አንዱ ጫፉ ውጭ ያለውን ፕሮቲን ይይዛል። ሌላው ጫፉ በውስጥ በኩል ከሴሉ አጽም ጋር ይያያዛል። ሁልጊዜ ጥንድ ነው፤ አልፋና ቤታ። በሰው አካል 18 ዓይነት አልፋና 8 ዓይነት ቤታ አለ። እነዚህ ተጣምረው 24 ዓይነት ኢንቴግሪን ይሰጣሉ። የጉበት ሴልና የቆዳ ሴል አንድ ገጽ ላይ የተለያየ ጠባይ የሚያሳዩበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ የያዙት እጅ አንድ ዓይነት አይደለም።

በ1984 ፒርሽባከርና ሩስላቲ ያሳዩት ነገር እስካሁን ይደንቀኛል። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ፋይብሮኔክቲን ትልቅ ፕሮቲን ነው፤ በሺዎች ከሚቆጠሩ አሚኖ አሲዶች የተሠራ። ሴሉ ለመጨበጥ በዋናነት የሚፈልገው ግን ሦስት ብቻ ነው፤ አርጂኒን፣ ግላይሲን እና አስፓርቲክ አሲድ፣ በዚህ ቅደም ተከተል። ቪትሮኔክቲንም ያችኑ ሦስት አለው። ሦስቱን ብቻ ይዞ የተሠራ አጭር ሰንሰለት ባዶ ገጽ ላይ ቢተከል ሴል ይይዘዋል። በዚህ የተነሳ ዛሬ ሙሉ ፕሮቲን ሳያስፈልግ የሴል መያዣ መሥራት ተችሏል።

መያዣው መኖሩ ብቻም አይበቃም። እርስ በርስ መቀራረብ አለበት። በ2004 የወጣ ጥናት የወርቅ ነጥቦችን በተለካ ርቀት ደርድሮ በእያንዳንዱ ላይ መያዣ ተከለ። ነጥቦቹ በ58 ናኖሜትር ሲራራቁ ሴሎቹ ጥሩ አድርገው ያዙ። ርቀቱ 73 ናኖሜትር ሲሆን ግን መዘርጋት አቃታቸው። ልዩነቱ 15 ናኖሜትር ብቻ ነው። ኢንቴግሪኖች ተሰብስበው ካልቆሙ ጭብጡ አይጠነክርም።

ሌላም መንገድ አለ። የሴል ሽፋን በውጭ በኩል አሉታዊ ቻርጅ አለው። ገጹን አዎንታዊ ቻርጅ ባለው ፖሊላይሲን ብንለብጠው ሴሉ በኤሌክትሪክ ስበት ይጣበቃል። የነርቭ ሴል የሚያሳድጉ ሰዎች ይህን በጣም ይጠቀሙበታል። ይህ ግን መጣበቅ እንጂ መጨበጥ አይደለም፤ ኢንቴግሪን የሚያስተላልፈው መልእክት የለበትም።

መልእክቱ ደግሞ የሞት ሽረት ጉዳይ ነው። በ1994 ፍሪሽና ፍራንሲስ መያዣ ያጡ ሴሎች ራሳቸውን እንደሚያጠፉ አሳዩ። ስሙን አኖይኪስ አሉት፤ በግሪክኛ ቤት አልባነት እንደማለት ነው። በ1997 ደግሞ ቼንና ባልደረቦቹ የደም ሥር ሴሎችን በጥቃቅን የፕሮቲን ደሴቶች ላይ አስቀመጡ። ደሴቱ በጣም ትንሽ ሲሆን ሴሉ ሞተ፤ ሰፋ ሲል አደገ። ከዚያ አንድ ብልህ ነገር አደረጉ። አንዱን ደሴት በብዙ ጥቃቅን ነጥቦች ከፋፍለው አራራቁት። ሴሉ የሚነካው ጠቅላላ ስፋት ብዙም ሳይጨምር ሰውነቱን ዘርግቶ መቆም ቻለ። ሴሉም ኖረ። ለሕይወቱ ወሳኙ የነካው ስፋት ሳይሆን የመዘርጋት ዕድሉ ነበር። ከዚህ ሕግ የሚያመልጡት በደም ውስጥ የሚዞሩት ሴሎችና ብዙዎቹ የካንሰር ሴሎች ናቸው። የካንሰር ሴል ምንም ሳይይዝ ማደግ መቻሉ አደገኛ ከሚያደርጉት ነገሮች አንዱ ነው።

ቁሱ ሲለያይ

ሴሎች ጠንካራ ነገር ላይ መቆም እንደሚፈልጉ ከታወቀ ቆይቷል። ሮስ ሃሪሰን በ1907 ከእንቁራሪት ፅንስ የተወሰደ የነርቭ ቲሹ ከአካል ውጭ ክሮቹን ሲያበቅል አሳየ። የተጠቀመው በረጋ ሊምፍ ነበር። በ1914 ደግሞ የሸረሪት ድር ዘርግቶ ሴሎቹ ክሩን ተከትለው ሲሄዱ ተመለከተ። ከዚያ በኋላ ለአሥርተ ዓመታት ዋናው ቁስ መስታወት ሆነ። መስታወት በደንብ ከታጠበ አሁንም ጥሩ ነው። ቆሻሻ ወይም የሳሙና ቅሪት ካለበት ግን ውጤቱን ያበላሻል።

ቲታኒየምን ስናነሳ ሴሉም ሆነ ፕሮቲኑ ብረቱን እንደማይነካ ማወቅ ያስፈልጋል። ቲታኒየም አየር እንዳገኘው ወዲያው ጥቂት ናኖሜትር ውፍረት ያለው የኦክሳይድ ሽፋን ያበጃል። የሚነካው ያ ሽፋን ነው። ስዊድናዊው ብሮኔማርክ በ1950ዎቹ ጥንቸል አጥንት ውስጥ ያስገባው የቲታኒየም መሣሪያ ከአጥንቱ ጋር ተዋህዶ አልወጣ አለው። በ1965 የመጀመሪያውን የቲታኒየም የጥርስ ተከላ ለሰው አደረገ። በኋላ እንደታየው የአጥንት ሴሎች ትንሽ ሸካራ በሆነ ቲታኒየም ላይ ይበልጥ ይበስላሉ። ስለዚህ አጥንት ውስጥ የሚገባው የተከላ ክፍል ብዙ ጊዜ ሆን ተብሎ ይሸካከራል።

ሲሊኮን ጎማ አስቸጋሪ ነው። ውሃን ይገፋል። በፕላዝማ ሲታከም ውሃ ወዳድ ይሆናል፤ ግን ውሎ ሲያድር ወደ ቀድሞ ጠባዩ ይመለሳል። ዛሬ የታከመውን ከሳምንት በኋላ የሚጠቀምበት ሰው ሌላ ገጽ ነው የሚያገኘው። ቴፍሎን ደግሞ ሰው ሠራሽ የደም ሥር ይሠራበታል፤ የውስጠኛ ግድግዳ ሴሎች ግን በቀላሉ አይለብሱትም። ጠባብ የሆኑት ሰው ሠራሽ ሥሮች ቶሎ የሚደፈኑበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ስለ ልስላሴ ትንሽ ልቆይ፤ ለእኔ ከሁሉም የሚያስገርመው ይሄ ነው። ሴል ዝም ብሎ አይዝም። የያዘውን ይጎትታል። በ1980 ሃሪስና ባልደረቦቹ ሴሎችን በጣም ስስ በሆነ የሲሊኮን ሽፋን ላይ አስቀመጡ። ሽፋኑ ከሴሎቹ ሥር ተጨማደደ። አንድ ሴል መሬቱን የሚጎትትበት ኃይል በዓይን ታየ። በ1997 ፔልሃምና ዋንግ ሴሎች ለስላሳና ጠንካራ ጄል ላይ የተለያየ ጭብጥ እንደሚይዙ አሳዩ። የሁለቱ ጄል የፕሮቲን ልባስ አንድ ነበር፤ የተለየው ጥንካሬው ብቻ ነው።

ከዚያ የ2006ቱ የኤንግለርና የዲሸር ሥራ መጣ። ከመቅኒ የተወሰዱ ግንደ ህዋሳትን በተለያየ ጥንካሬ ጄል ላይ አስቀመጡ። እንደ አንጎል ለስላሳ በሆነው፣ ከ1 ኪሎፓስካል (የጥንካሬ መለኪያ ነው) በማይበልጠው ላይ፣ ሴሎቹ የነርቭ ሴል መልክ ያዙ። ከ8 እስከ 17 ኪሎፓስካል ላይ ወደ ጡንቻ አዘነበሉ። ከ25 እስከ 40 ላይ ደግሞ ወደ አጥንት። ይህ ግኝት ያለ ክርክር አላለፈም። በ2012 ሌላ ቡድን ወሳኙ ልስላሴው ሳይሆን ፕሮቲኑ ከጄሉ ጋር የታሰረበት ጥብቀት ነው አለ። በ2014 ደግሞ ሌላ ጥናት የጥንካሬውን ሐሳብ መልሶ ደገፈ።

የሳህናችን ፖሊስታይሪን ጥንካሬ ግን 3 ጊጋፓስካል፣ ማለትም 3 ሚሊዮን ኪሎፓስካል ገደማ ነው። ከአንጎል ከሚሊዮን ጊዜ በላይ ይጠነክራል። የአንጎል ሴልን እዚያ ላይ አሳድገን ጠባዩን ስናጠና ሰውነቱ በማያውቀው ዓለት ላይ አቁመን እንደምናጠናው መርሳት የለብንም።

ሴረሙ ሲወጣ

ሴረምን ማስወጣት የተፈለገበት ምክንያት ብዙ ነው። ከፅንስ ደም የሚገኝ መሆኑ የሞራል ጥያቄ ያስነሳል። ከአንዱ ምርት ወደ ሌላው ይለያያል። የእንስሳ በሽታ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ዋጋውም ከባድ ነው። እነዚህ ሁሉ እውነተኛ ምክንያቶች ናቸው፤ እኔም መውጣቱን እደግፋለሁ።

ሴረሙ ሲወጣ ግን አብዛኛው ሰው የሚያስበው ስለ ጎደለው የዕድገት ምልክት ነው። ሙጫውም አብሮ እንደወጣ የሚገባን ሴሎቹ ከሳህኑ ሲነሱ ነው። እርግጥ ፋይብሮብላስትን (የአካልን ማያያዣ ቲሹ የሚሠራውን ሴል) የመሳሰሉ ሴሎች ውለው ሲያድሩ የራሳቸውን ፋይብሮኔክቲን ያመርታሉ። የመጀመሪያዎቹን ሰዓታት ግን የሚያሻግራቸው ያስፈልጋል።

በ2011 የቶምሰን ቤተ ሙከራ ለሰው ግንደ ህዋስ ስምንት ነገሮችን ብቻ የያዘ ምግብ ሠርቶ አሳየ። ትልቅ እመርታ ነበር። ምግቡ እንዲህ ቀላል ሲሆን ሳህኑ ግን ባዶ አልነበረም፤ በቪትሮኔክቲን ተለብጦ ነበር። ሴረሙ በነጻ ያደርግ የነበረውን አሁን ለይቶ ማምረትና መግዛት አስፈለገ። ከዚያ በፊት ብዙዎች የሚጠቀሙት ከአይጥ ዕጢ የሚወጣ ጄል ነበር። ለምርምር ይሠራል፤ ወደ ሰው አካል ለሚገባ ሴል ግን ማንም አይመርጠውም።

የስፋት ጥያቄም አለ። ሳህን ጠፍጣፋ ነው፤ ፋብሪካ ግን በጋን ነው የሚሠራው። በ1967 ሆላንዳዊው ቫን ቬዘል ሴሎችን በጥቃቅን ዶቃዎች ላይ አስይዞ ዶቃዎቹን በጋን ውስጥ አማሰለ። የመጀመሪያዎቹ ዶቃዎች አዎንታዊ ቻርጃቸው ስለበዛ ሴሎቹን ይጎዱ ነበር። ቻርጁ ሲቀነስ ነገሩ ተስተካከለ። ዛሬ ከሚሸጡት ውስጥ 0.2 ሚሊሜትር ገደማ የሆኑ ዶቃዎች አሉ፤ አንድ ግራም ደረቅ ዶቃ ወደ 4,400 ስኩዌር ሴንቲሜትር ገጽ ይሰጣል። ይህ 75 ስኩዌር ሴንቲሜትር ስፋት ካላቸው ወደ 59 ከሚጠጉ ጠርሙሶች ጋር እኩል ነው። በ1962 በጃፓን ከጦጣ ኩላሊት የተገኙት ቬሮ ሴሎች በእንዲህ ያሉ ዶቃዎች ላይ እያደጉ ለፖሊዮ ክትባት ማምረቻ ሆነዋል።

ስለዚህ «ሴሎች በዚህ አዲስ ቁስ ላይ በደንብ ያዙ» የሚል ዜና ሳነብ መጀመሪያ የምፈልገው የቁሱን ስም አይደለም። ሴረም ነበረበት ወይ? ቆጠራው የተደረገው ከስንት ሰዓት በኋላ ነው? ሳህኑ በምን ኃይል ታጠበ? ቀስ ብሎ የታጠበና ተገፍቶ የታጠበ ሳህን ሁለት የተለያየ ቁጥር ይሰጣሉ። ሴሎቹ ተዘርግተው ነበር ወይስ ክብ እንደሆኑ ተጣብቀው? ይህ ካልተጻፈ ሁለት ቁሶችን ማወዳደር አይቻልም። በዚህ ጉዳይ ብዙ ጽሑፎች ግድ የለሽ ናቸው ብዬ አምናለሁ፤ ጉዳቱም እውነተኛ ነው። ሌላው ላብራቶሪ ሥራውን ልድገመው ሲል ያቅተዋል።

መልቀቅም አለ

አጥብቆ መያዝ ሁልጊዜ መልካም አይደለም። ሴሎችን ከሳህን ለማንሳት የተለመደው ትሪፕሲን የተባለ ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይም ነው። አብሮት ካልሲየምና ማግኒዥየምን የሚጠርግ ኬሚካል ይጨመራል፤ ኢንቴግሪን ያለ እነዚህ ማዕድናት አይጨብጥም። ትሪፕሲን ግን አይመርጥም። የሴሉን የራሱን ፕሮቲኖችም ይቆርጣል። ሴሎቹ እየተነጣጠሉ ይወጣሉ፤ ያበጁት ንጣፍ ይፈርሳል።

በጃፓን ኦካኖና ባልደረቦቹ ያመጡት መፍትሔ ውብ ነው። ሳህኑን ሙቀት በሚያውቅ ፖሊመር ለበጡት። በ37 ዲግሪ ፖሊመሩ ውሃን ይገፋል፤ ሴሎችም ይይዙታል። ከ32 ዲግሪ በታች ሲወርድ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል። ሴሎቹ ያለ ምንም ኢንዛይም፣ ያበጁትን ፕሮቲን ከሥራቸው ይዘው፣ እንደ ስስ ጨርቅ አንድ ላይ ይነሳሉ። በ2004 ከአፍ ውስጥ የተወሰዱ ሴሎች እንዲህ በንጣፍ ተነስተው ለአራት ሕሙማን ዓይን ተተከሉ። ስፌት እንኳ አላስፈለገም። ከሥር የቀረው ፕሮቲን ራሱ ሙጫ ሆነ።

ሥጋ የሚያመርቱት ሌላ መንገድ አላቸው። በነሐሴ 2013 ማርክ ፖስት ለንደን ላይ ያቀረበው ከሴል የተሠራ በርገር 250,000 ዩሮ ፈጅቷል። ሲንጋፖር በ2020፣ አሜሪካ በ2023 የዚህ ዓይነት ሥጋ እንዲሸጥ ፈቀዱ፤ ጣሊያን በዚያው በ2023 ከለከለች። የፖለቲካው ክርክር ይቀጥላል። በጋኑ ውስጥ ያለው ችግር ግን የተለየ ነው። የጡንቻ ሴል ተሰልፎ ክር የሚሆነው የሚጎትተው ነገር ሲያገኝ ነው። ያ ነገር ለሴሉ ጡንቻን የሚመስል ልስላሴ ሊኖረው፣ መያዣ ሊኖረው፣ ርካሽ ሊሆን ይገባል። ከሶያ ፕሮቲን የተሠራ ስፖንጅ በ2020 ተሞክሮ የላም ጡንቻ ሴሎች ይዘውታል። የራሱ ሴሎች ታጥበው የወጡለት የስፒናች ቅጠልም በ2017 የሰው የልብ ሴሎችን ይዞ ታይቷል። የተክል ሴሉሎስ የራሱ የእንስሳ ሴል መያዣ የለውም፤ ፕሮቲን ሊለብስ ወይም ሦስቱ አሚኖ አሲዶች ሊተከሉበት ይችላሉ። እዚህ ላይ ደግሞ ሴሎቹን ከቁሱ የማስለቀቅ ጣጣ የለም፤ ቁሱ ራሱ ከሥጋው ጋር ይበላል።